ማሳ የገባ እሳት

አትርገጠው በቃ፤ እግርህ ይረፍ፣ ታጁ፤
ገፍተህ አስገባልኝ፤ ጥላ አለው ደጁ።
ሰልማባድ ነሐሴን ብረት እንኳ ይፈራል፣
ባሕሩ ሳይታይ ጨዉ በአየር ይዞራል።
ስልክህ ይጩህ፣ ተወው፤ ያዘዘ ይታገሥ፤
ሩዝ ስለቀዘቀዘ የማንም ቤት አይፈርስ።

ቤንዚን ደርሶ ሸቶኛል፤ አየሩም ከገባ
የቀረው እሳት ነው። ሆድህ አይባባ።
የካንዴላ ቁልፍ አቀብለኝ። እሱን አይደለም፣ ረጅሙን፤
እጀታው ላይ ጨርቅ የጠመጠምኩበትን።
ፈታሁት፤ ይኸውልህ። ቴስታው ላይ፣ ከብረት ጋር
አጣብቄ ልያዘው፤ ካልነካ አይናገር።
ጃኬትህን ጣልብን፤ በዚህ አገር ፀሐይ
ብልጭታ ቢኖርም ባይኖርም አይታይ።

ሁለት ራስ ባንድ ጃኬት፣ እንደ ሌባ አቀርቅረን።
በል ርገጥ።
ጨለማ።
ድገም።
ጨለማ፤ ያንተ ትንፋሽ፣ የኔ ላብ፣
የትናንት ደንበኛህ ነጭ ሽንኩርት።

ሰው መጀመሪያ ሁሌ ካንዴላ ይከሳል፤
ጫፍ ላይ የቆመማ ባልሠራው ይወቀሳል።
አዲሱን ሰካሁለት፤ እሱም እንደ አሮጌው
ድዳ ነው። ጥፋቱ ከሱ ጀርባ ነው።
ቦቢናውን ለካሁት፤ ቁጥሩ ሙሉ ጤና፤
ከማግኔቱ ሥር ያለው ጥቅልሉም ደህና።
ቆየኝ፣ ከጉልዛር ጋራዥ ሲዲአይ ልዋስ።

ያው ነው፣ ያው ጨለማ። ቶሎ ልሂድ ልመልስ፤
ጉልዛር ደግ ሰው ነው፤ ዕቃው ከዘገየ ግን
በኡርዱ ተራግሞ በዐረብኛ ይምላል።

ኮምቦልቻ ያሠለጠነኝ እብሬ፣ አንድ ዐይኑን
የባትሪ አሲድ የበላው፣ ይል ነበር ማታ እጁን
በቤንዚን ሲታጠብ፦
«ሁሉ ደህና ሆኖ እንቢ ካለ ነገሩ፣
የጎደለ አትፈልግ፤ የተረፈ ነው ችግሩ።»

ያ ጥቁርና ነጭ ሽቦ ይታይሃል? ከቀኝ እጅህ ቁልፍ
ተነስቶ፣ በአንገቱ ወርዶ፣ ሲዲአዩ ውስጥ የሚያርፍ?
ሥራው አንድ ቃል ነው፤ ከ«ቁም» ሌላ አያውቅ።
ነቀልኩት። አሁን ርገጥ፤ ርገጥ፣ አትሳቀቅ።

ሰማያዊ!
አየኸው? ቀጭን፣
እንደ ድመት ጥፍር ወጥቶ የሚገባ!

ማሳ ነክቶ ነው እንጂ እሳቱስ ነበረ።
ምን ያስቅሃል? አዎ፣ ማሳ።
የከሚሴ ልጅ ነህ፤ እሳት ማሽላ ማሳ ገባ ቢባል
አገር ቅጠል ይዞ ይወጣል፣ ጩኸት ተራራ ያልፋል።
በኛ ሙያ ግን ማሳ ብረቱ ነው፣ አካሉ፤
አንዴ ከነካካው እሳቱ በዚያ ይሰርጋል ሁሉ፤
ጭስ የለው፣ ኡኡታ የለው፣ የሚሮጥለት የለው።
ማኑብሪዮ ባዞርክ ቁጥር፣ ሪፋ፣ ሲትራ፣ መናማ፣
የሽቦው ቆዳ ሳሳ፣ ተላጠ፣ አንተ ሳትሰማ፤
ጨው አረንጓዴ ዝገት ሠራበት፣ ብረቱን ነካ።
ሞተርህ ታሞ አይደለም። ማንም ቁልፉን ሳይጫን
ጧት ማታ «ቁም» ሲባል ነበር ለካ።

ምነው ዝም አልክ? ሽቦ እንደዚያ ይታያል?
እኔም አንገቴ ጋ አለችኝ አንዲት የተላጠች ቦታ፤
አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቴፕ አይዛትም።

ይኸው፣ ጠቀለልኩት፤ ከአንገቱ አራቅሁ፣ አሰርኩት፤
ወደ ቦታው መለስኩት። ማጥፊያውን ሞክረው።
ጠፋ? አስነሳው። እንዲህ ነው፤ ሲባል ብቻ ይቁም።
ሁለት ዲናር። ቴፑ መቶ ፊልስ ነው፤
የቀረው የእብሬ ነው።

ስልክህ ጸጥ አለ። ምን ይላል?
«ትዕዛዙ ተሰርዟል»?
እስቲ ድገመው፣ ጮክ ብለህ።
ከጧት ጀምሮ የሰማሁት ደህና ነገር እሱ ነው።

በል ሳጥኑን ክፈተው። መችቡስ ነው? ዶሮ አለው?
ሎሚዋን ለኔ ተዋት።
ሞተሩን አጥፋው እንጂ ስንበላ፤ ቤንዚን ይፈጃል እኮ።
ምን አልክ?
«ይፍጅ»?
እሺ። ይፍጅ።